አሥራ አንዱ ነቀዞችና ባለ ኪሱ ተኩላ

ይህን ታሪክ ዘመድ ሁሉ ሲያወራው እኔን ጥፋተኛ አድርጎ ነው። እኔ ግን ግማሹ ጥፋት የቲቸር ሳባ ነው፣ ሩቡ የጋሽ ታደለ፣ የቀረው ሩብ ደግሞ የነቀዝ ነው እላለሁ። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የስምንት ዓመት ልጅ ምን ታጠፋለች?

ጊዜው 1999 ነው፤ ቢቸና። አባቴ የሞተው ገና ሳላውቀው ስለሆነ ቤታችን እማዬና እኔ ብቻ ነን። ግቢያችን ውስጥ ካሉት ክፍሎች አንዷን ቲቸር ሳባ ተከራይታለች። ከደሴ ተመድባ የመጣች አስተማሪ ናት። ትምህርት ቤት ታስተምረኛለች፣ ቤት ስመለስ ደግሞ በመስኮቷ ታየኛለች። ስለዚህ «የቤት ሥራዬን ያልሠራሁት አሞኝ ነው» የሚለው ሰበብ ለሌላው ልጅ እንጂ ለእኔ አይሠራም።

አንድ ቀን ቲቸር ሳባ ሰሌዳውን በጠመኔ ለሁለት ከፈለችው። በግራ በኩል አንዲት ነጥብ አደረገችና ስድስት እግርና አንድ ረጅም አፍንጫ ቀጠለችላት። በቀኝ በኩል ውሻ የሚመስል አውሬ ሣለች፤ ወገቡ ላይ ሸንተረር ሸንተረር አለው፣ ጅራቱ ወፍራም ነው፣ ሆዱ ላይ ኪስ አለው።

«ግራው ምንድን ነው?»

«ነቀዝ!» አልን ሁላችንም። እሱን የማያውቅ ማን አለ?

«ቀኙስ?»

ከኋላ አንዱ «የታመመ ጅብ» አለ።

«ታይላሲን ይባላል። እናንተ ባለ ኪስ ተኩላ በሉት። ሴቷ ልጆቿን በዚህ ኪስ ይዛ ነበር የምትዞረው። እስቲ ከሁለቱ ማን ይበረታል?»

«ቀኙ!»

«ዛሬ በሕይወት ያለውስ?»

ቲቸር ሳባ ነገረችን። ባለ ኪሱ ተኩላ የነበረው ባሕር መሃል ባለች አንዲት ደሴት ላይ ነው። በጋችንን ይበላብናል ብለው ሰዎች ፈጁት። የመጨረሻው፣ ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ዓመት፣ አጥር ውስጥ ብቻውን ሞተ። ጠባቂው የማደሪያውን በር መክፈት ረስቶ ብርድ ላይ አድሮ ነው ይባላል። ነቀዝ ግን ትንሽ ነው፣ ብዙ ይፈለፍላል፣ ሰው በሄደበት ሁሉ እህሉ ውስጥ ተደብቆ አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዛሬም አለ።

«እንዲያውም አሁን ምሳ ዕቃችሁ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም» አለች። ክፍሉ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። በሩ የተዘጋበትን አውሬ ነበር የማስበው። እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ጥቂቶቹን ሌላ አገር ወስደው ቢያስቀምጧቸው ኖሮስ?»

«ጎበዝ ምስራቅ! ያኔ ምናልባት ዛሬም ይኖር ነበር።»

«ጎበዝ» የምትለዋን ይዤ ሄድኩ። «ምናልባት»ን እዚያው ተውኳት።

በዚያው ሳምንት እማዬና ወንድሟ ጋሼ እንዳለው ጎተራ ቤቱ ውስጥ ቆመው ሲነጋገሩ በሩ ላይ ደረስኩ። ጎተራ ቤት የምንለው ከዋናው ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ አንድ ክፍል ነው፤ ከእኔ ቁመት ሁለት እጥፍ የሆነ የጭቃ ጎታ አለበት፣ ሌላው ማዳበሪያ ነው። እማዬ ክንዷን እስከ ብብቷ ስንዴው ውስጥ ከትታ አወጣችው። ክንዷ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ነጩ ላይ ጥቁር ጥቁር ነገር ይሄዳል።

«አየህ? ሳላስፈጨው ዱቄት አድርጎልኛል!»

«የነቀዙን ኪኒን እናግባበት እንጂ ምን ይደረጋል» አለ ጋሼ እንዳለው። «ቅዳሜ አግብተን በሩን እንመርገው። ሦስት ቀን ግቢው ውስጥ ሰው እንዳያድር ብቻ፤ ጋዙ ሰውም ይገድላል።»

«ዘንድሮስ ዘሩን ነው የማጠፋው!» አለች እማዬ ክንዷን እየጠረገች። «አንድ አላስተርፍም!»

አሁን የምጽፈው ሞጣ ከአክስቴ እህል መጋዘን ሆኜ ነው፤ ትምህርቱን ስምንተኛ ላይ ጥዬ እዚህ መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። እህል ነጋዴ ሁሉ በዓመት አሥር ጊዜ «ዘሩን አጠፋዋለሁ» ብሎ እንደሚዝት፣ ነቀዝ ደግሞ ከቁብም እንደማይቆጥረው አውቃለሁ። ያኔ ግን ዓለም ማለት ቢቸና ነበረች፤ የዓለም ነቀዝ ሁሉ ያለው የእማዬ ጎታ ውስጥ ነው። እማዬ አጠፋለሁ ካለች ታጠፋለች፤ የምትለውን የምታደርግ ሴት ናት፤ ጀርባዬ ምስክር ነው።

ማታ ተኝቼ ሁለቱን አነጻጸርኳቸው። ተኩላው ጥርስ አለው፣ ነቀዝ አፍንጫ ብቻ። ተኩላው ሸንተረር አለው፣ ነቀዝ ጥቁር ነው በቃ። ተኩላው ሲጠፋ የሚሥለው ሰው ተገኝቷል፤ ነቀዝን ግን ማን ብሎ ይሥለዋል? ከሁሉም ከሁሉም፣ ተኩላው እንኳ ልጅ የሚደብቅበት ኪስ ነበረው። ነቀዝ ምን አለው?

እኔ ግን ኪስ ነበረኝ። የቀሚሴ፤ በቀኝ በኩል።

በነጋታው ቲቸር ሳባ ፈተና ስታርም መስኮቷ ላይ ተንጠላጠልኩ። «ቲቸር፣ ነቀዝ ወንዱና ሴቷ በምን ይለያሉ?»

«በአፍንጫቸው» አለች ቀና ሳትል። «የሴቷ ይረዝማል። ምነው፣ ልትድሪያቸው ነው?»

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ እንዳለው ደጅ ላይ ጭቃና እበት እየረገጠ ሳለ የላስቲክ ጫማዬን በሩ ላይ አወለቅሁና ገባሁ፤ ጫማው ጧ ጧ ስለሚል ነው። አፍንጫ ባነጻጽር ባነጻጽር የሁሉም አንድ ሆነብኝ። ስለዚህ ወንዱም ሴቱም እንዳይጠፋ ብዬ ብዙ ለቀምኩ። የክብሪት ቀፎ ውስጥ አሥራ አንድ አስገብቼ፣ ስንቅ እንዲሆናቸው አምስት ፍሬ ስንዴ ጨመርኩላቸው። የጋሼን ሳል ስሰማ ሮጬ ወጥቼ በጓሮ አመለጥኩ። ጫማዬ እዚያው ቀረ።

እማዬ ቀደም ብላ አዝዛኛለች፦ «ምስሬ፣ ፈንታዬ ቤት ሂጂና እዚያው ቆዪ። እኔ ወፍጮ ቤት ደርሼ እመጣለሁ።» ፈንታዬ ጎረቤታችን ናት። እኔ ግን እግሬን ወደ እህል ተራ አነሳሁ። አክስቴ ማናዬ ሞጣ የእህል ነጋዴ ናት፤ አይሱዙዋ በየሳምንቱ ቢቸና መጥታ ስንዴ ትጭናለች። ሾፌሩን ጋሽ ፋንታን አውቀዋለሁ።

«ጋሽ ፋንታ፣ ቤታችን መድኃኒት ስለሚገባበት እትዬ ማናዬ ጋ ሂጂ ብላኛለች እማዬ።»

ዓረፍተ ነገሩ ግማሹ እውነት ስለነበር አምሮ ወጣልኝ። ጋሽ ፋንታ እግሬን አየ። «ጫማሽስ?»

«ተበጠሰ።»

«ግቢ በይ።»

ጋቢና ውስጥ ተቀመጥኩ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ዳቦ ገዛልኝ። እኔ ቀፎውን በየጊዜው ጆሮዬ ላይ አደርግና አዳምጣለሁ፤ ኩርሽ ኩርሽ ይላል። በሕይወት አሉ። አቧራው በመስኮት ይገባል፣ እኔ ግን ደስ ብሎኛል፤ ያ ደሴት ላይ ያሉት ሰዎች ሳያደርጉት የቀሩትን ነገር ቢቸና ላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ሞጣ ገባን። እትዬ ማናዬ ሳመችኝ፣ «ቆሻሻ!» አለችኝ፣ እግሬን አጠበችኝ፣ አበላችኝ። ወደ ሱቋ ስትመለስ መጋዘኗ ገባሁና የአንዱን በቆሎ ማዳበሪያ አፍ ፈታ አድርጌ ቀፎውን ገለበጥኩት። አሥራ አንዱም ገቡ። አንዱ ብቻ ጫፉ ላይ ትንሽ ቆም አለ፤ አመሰገነኝ ብዬ ያዝኩት። ዛሬ የዚህን መጋዘን በቆሎ በወንፊት የማበጥረው እኔ ነኝ፤ ነቀዝ ባየሁ ቁጥር የማን ዘር ይሆን ብዬ አልጠይቅም። መልሱ ሊያስጠይቀኝ ይችላል።

ቢቸና ውስጥ በዚያው ሰዓት የሆነውን እኔ የሰማሁት በኋላ ነው። ፈንታዬ «ከእናቷ ጋር ወፍጮ ቤት ሄዳለች» ብላ ተቀምጣለች። እማዬ «ፈንታዬ ቤት ናት» ብላ ስታስፈጭ ውላለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱ ሲገናኙ እኔ የለሁም። መንደሩን ዞሩ። መጨረሻ ላይ እማዬ ጫማዬን አየችው፤ ኪኒን ገብቶበት፣ ዙሪያው በእበት ተመርጎ በተዘጋው በር ሥር። እኔ ደግሞ ጎታው ጀርባ ገብቼ የመተኛት አመል ነበረኝ።

በሩን በመጥረቢያ ሰበሩት። ጋሼ እንዳለው ዘሎ ገባ፤ ሁለት ጊዜ ስሜን ሳይጠራ አዞረውና ወደቀ፣ በእግሩ ጎትተው አወጡት። የጤና ጣቢያው ሰው መጥቶ «እዚህ ቤት ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ የቆየ ሰው በሕይወት የለም። ሌላ ሰው እንዳይጨመር፣ ተናፍሶ ፀሐይ እስኪበረታ ማንም እንዳይገባ» አለ። እማዬን አራት ሰው ያዛት።

ጋሽ ታደለ የእድራችን ጸሐፊ ናቸው፤ ቤታቸው ስልክ አለ። ለዘመድ መደወል የእሳቸው ሥራ ነው። ሞት ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሩቅ ያለ ሰው መንገድ ላይ እንዳይሆን ሆኖ እንዳይቀር፣ «እገሌ ትንሽ አሞታል፣ ብትመጡ» ይባላል፤ የሚሰማውም ገብቶት እሺ ይላል። የልጅ ሞት ከሆነ ደግሞ የልጁ ስም አይነሳም፤ የእናቱ ስም ይነሳል።

እኔ ሞጣ ሱቁ ውስጥ ስኳር ስልስ ነው ስልኩ የጮኸው፤ እትዬ ማናዬ አነሳችው።

«ሃሎ? … ጋሽ ታደለ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ? … ይርጋነሽ? ምን ሆነች? … ትንሽ? ትንሽ ማለት ምን ያህል ትንሽ ነው? … ነገ ጠዋት። … እሺ። እሺ።»

ይርጋነሽ የእማዬ ስም ነው። እትዬ እጀታውን አስቀመጠች። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። በቃ፤ እማዬ ነቀዞቹን ቆጥራ አሥራ አንድ ጎድሎባታል አልኩ።

«ምስሬ» አለች፤ ድምጿ ሌላ ሆኗል። «ጠዋት እናትሽ ስትልክሽ ምን አለችሽ?»

«እትዬ ጋ ሂጂ አለችኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ፊቷ እንዴት ነበር?»

«እንደ ፊቷ።»

«ወይኔ እህቴን! ታውቋት ነው! ታውቋት ነው ልጇን የላከችልኝ!» ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘችኝ። ትንፋሽ አጠረኝ። ውሸቴ እንዲህ ያለ ቦታ ይደርሳል ብለው ያኔ ቢነግሩኝ አላምንም ነበር። ስለ እኔ ለጋሽ ታደለ አንድ ቃል አልነገረችም፤ ምን ብላ ትነግራቸዋለች? እናቴ ልካኛለችና ቢቸና ሁሉ ያውቃል ብላለች። እሳቸውም አላነሱኝም። ቢቸና ለእኔ ሲያለቅስ፣ ሞጣ ደግሞ ለእማዬ ማልቀስ ጀመረ፤ እኔ መሃል ላይ ስኳር የተቀባ ጣቴን ይዤ።

ራት አልተበላም። እኔን ቶሎ አስተኙኝ። የጎረቤቷ የየሺእመቤት ድምፅ ከመጋረጃው ወዲያ ይሰማኛል።

«ልጅቷ እንዳትሰማ፣ ቀስ በይ።»

«ምኑን ትስማ፣ ገና ልጅ ናት።»

«ከእንግዲህ ካንቺ በቀር ማን አላት?»

«እኔው ጋ ናት የምታድገው። ለማንም አልሰጣትም!»

ብርድ ልብሱን እስከ ዓይኔ ሳብኩት። እማዬ ጥላኛለች ማለት ነው። ለአሥራ አንድ ነቀዝ! ደውላ «ያቺን ሌባ እዚያው አስቀሪያት» ብላለች። የሷን ሽታ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ የወፍጮ ዱቄትና የቅቤ ሽታ፤ ቶሎ አልመጣልኝም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሱኝ። እትዬ ማናዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ጥለቱ ያለቦታው አንገቷ ሥር መጥቷል።

«እትዬ፣ ነጠላሽ ተዘቅዝቋል» አልኳት፤ ደግ ነገር ብሠራ ይቅር ትለኛለች ብዬ።

አፏን በመዳፏ ያዘችና ወደ ግድግዳው ዞረች። አዋቂ ሰው ሐዘን ሲደርስበት ነጠላውን እንዲያ እንደሚለብስ አላውቅም ነበር፤ ስለ አለባበሷ በመናገሬ ያዘነች መሰለኝ።

አይሱዙዋ ላይ ከኋላ ዘጠኝ ሴቶች ተሳፈሩ። እኔና እትዬ ጋቢና ነን። ጋሽ ፋንታ ሬዲዮኑን አልከፈተም፤ ደብረ ወርቅም ዳቦ አልገዛም። ልብሴን ልናመጣ እየሄድን ነው ብዬ ደምድሜያለሁ።

«እትዬ፣ መልሼ ብለቅማቸው እማዬ ትወስደኛለች?»

«ምኑን ነው የምትለቅሚው፣ የኔ ከርታታ?»

አልነገርኳትም። ምናልባት ገና አላወቀች ይሆናል አልኩ።

ቢቸና ሦስት ሰዓት አለፍ ሲል ደረስን። ደጃችን ላይ ድንኳን ተተክሏል። ጎተራ ቤቱ በሩ የለም፤ ማዳበሪያዎቹ ደጅ ወጥተዋል፣ ስንዴው ጭቃ ላይ ፈሷል፣ ጋሼ እንዳለውና ሌሎች ሰዎች አፍንጫቸውን አስረው ትልቁን ጎታ በዶማ ያፈርሱታል። እንዲህ ያለ ፍለጋ ለነቀዝ!

ለቅሶ ደራሽ እየጮኸ ነው የሚገባው። እትዬ ማናዬ ገና ከመኪናው ስትወርድ «እህቴን! ይርጋነሽን! ሳላይሽ!» ብላ ራሷን ያዘች፣ ሴቶቹም ተቀበሏት። ከድንኳኑ ውስጥ ደግሞ እማዬ ወጣች፤ በአንድ በኩል ቲቸር ሳባ በሌላው ፈንታዬ ደግፈዋታል። «ማናዬ፣ ልጄን! ምስሬን!» ትላለች፤ ድምጿ ተዘግቷል።

እትዬ ማናዬ ጩኸቷን መሃል ላይ አቆመችው። እማዬን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«አለሽ እንዴ?»

«ምነው ባልኖርኩ!»

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?» አለች እትዬ ማናዬ። «ልጅሽማ እኔ ጋ ናት!»

እኔ የጋቢናው መክፈቻ እንቢ ብሎኝ ስታገል ቆይቼ ገና መውረዴ ነው። ጋሼ እንዳለው ዶማውን ከነእጁ አየር ላይ አቆመው። ቲቸር ሳባ እማዬን ለቀቀቻትና ራሷ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «የነቀዙን ነገር እኔ ነኝ የነገርኳት እያልኩ ሳለቅስ ነው ያደርኩት» ብላ የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

እማዬ ወደ እኔ መጣች። ሮጣ አይደለም፤ አንድ አንድ እግሯን እያነሳች። እጄን ፊቴ ላይ ጋረድኩ።

«እማዬ አትምቺኝ! ሁሉንም አልወሰድኩም!»

አልመታችኝም። ጉንጬን ነካች፣ ጆሮዬን ነካች። አፌን ከፍታ አሸተተችኝ። ባዶ እግሬን አየች። ከዚያ እዚያው ስንዴው ላይ ተቀመጠችና የቀኝ እጄን አንጓ ያዘች።

«ይርጋነሽ፣ እህቴ፣ በይ ተነሽ፣ በይ እልል በይ!» አለቻት እትዬ ማናዬ፤ ራሷ እየሳቀችም እያለቀሰችም።

«ራበኝ» አለች እማዬ።

«ምን አልሽ?»

«ራበኝ። የሚበላ ስጡኝ።»

ጋሽ ታደለ ባርኔጣቸውን አውልቀው «እንግዲህ … ድንኳኑ ይነቀል ወይስ …» ብለው ሳይጨርሱ ፈንታዬ ጮኸችባቸው። «ይቀመጡ ጋሽ ታደለ! ወጡ ደርሷል! ሰው ሁሉ ይቀመጥ!» ለእኔ ለቅሶ የተሠራው ክክ ወጥ በትሪ ቀረበ። አንዲት ሴት እልል አለች፣ ሌሎቹ ተከተሏት። እማዬ ግን አልሰማችም፤ ትበላለች። አንድ እንጀራ ጨረሰች። ሁለተኛውን ዘረጉላት፣ እሱንም ጀመረች። እንዲህ ስትበላ አይቻት አላውቅም።

እኔንም ርቦኛል፤ ከትናንት ቀን ወዲህ አልበላሁም። እጄን ወደ ትሪው ልሰድ ስል አልሄድ አለኝ፤ አንጓዬን እንደያዘችው ነው። ሳብ አደረግሁት። አጠበቀችው። ይኼ ቅጣቴ ነው ብዬ ተቀበልኩ፤ ለአሥራ አንድ ነቀዝ ቀላል ነው፤ እሷ ስትበላ ቁጭ ብዬ አየኋት።

አምና ለፋሲካ ቢቸና ስወርድ ይኼን አንስቼ ወቀስኳት። «እንዴት ልጅሽን ከሞት ተመልሳ መጥታ፣ እጇን ቀፍድደሽ ጾሟን ታውያታለሽ?» አልኳት።

ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አቆመችና አየችኝ።

«ይዤሽ ነበር እንዴ?» አለች።